ከነቀምቴ በታች፣ አንገር ሸለቆ

በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ ከነቀምቴ አውቶቡስ ተራ ጧት በአንድ ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኡኬ! ጉትን! ጊዳ!» እያለ ይጣራል። ከተማዋ ጭጋጓ ገና አልተገለጠላትም፤ ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ከሰላቸውን እያራገቡ ነበር። ከከተማ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ጆሮዬ ተደፈነ። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ከኋላ ያለችው እናት የልጇን ሹራብ አወለቀች፤ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ከታች የአንገር ሸለቆ ተዘርግቷል፤ ደረቅ ሣር፣ እዚህም እዚያም የማንጎ ዛፍ፣ ራቅ ብሎ እሳት የበላው መሬት። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን።

ጉቶ ጊዳ አንድ ወረዳ ይባል እንጂ ሁለት አገር ነው። ላይኛው ነቀምቴን የከበበው ወይና ደጋ ነው፤ ታችኛው ኡኬን ይዞ ወደ አንገር ወንዝ የሚወርደው ቆላ። አንገር ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። እኔ የተወለድኩት ላይ ነው። ወደ ታች የወረድኩት አባቴ በ1977 ዓ.ም. ከሠራቸው ጎጆዎች የቀረ ካለ ለማየት ነበር።

አባቴ አስተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት ከተማሪዎቹና ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሣር ሊያጭድ፣ እንጨት ሊቆርጥ፣ ከወሎ ለሚመጡ ሰፋሪዎች ጎጆ ሊያቆም ወደ ሸለቆው ወረደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ወባ ይዞት ነበር፤ ብርድ ልብስ ደራርበን ስንሸፍነው አልጋው ይንቀጠቀጥ እንደነበር አስታውሳለሁ። ኋላ ላይ ግን ያ ዘመቻ በተነሣ ቁጥር የሚያወራው ስለ ወባው አልነበረም፤ ስለ በር ነበር። የጎጆዎቹ በር በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ መንገዱ፣ እንዲዞር ካድሬው አዘዘ። የአገሬው ገበሬዎች የክረምቱ ዝናብ ከነነፋሱ የሚመጣው በዚያ በኩል መሆኑን ነገሩት። አባቴም ደግሞ ነገረው። በሩ በታዘዘው በኩል ተሠራ። አባቴ ይህን ሲተርክ ሁልጊዜ እጁን ዘርግቶ ነፋሱ የሚመጣበትን ያሳየን ነበር፤ እኛ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን።

*

የሄድኩበት የሰፈራ መንደር ከሩቅ ያስታውቃል። የወለጋ ገበሬ ቤቱን ከማሳው ጫፍ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከጎረቤቱ ራቅ አድርጎ ነው የሚሠራው። ይህኛው ግን በገመድ ተለክቶ የተሰለፈ ነው። ቤቶቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ አጥር ተበጅቷል፤ ጓሮ ውስጥ ማንጎና ሙዝ በቅሏል፤ መስመሩ ግን አልጠፋም። የሰፈራ መንደሮች በዚያ ዘመን ስም አልነበራቸውም፤ መንደር 1፣ መንደር 2 እየተባሉ በቁጥር ይጠሩ ነበር። ስም ሊኖረው የሚችለው ነገር ሁሉ፣ ወንዙም፣ ጉብታውም፣ ሜዳውም፣ ቀድሞ ሌላ ሰው ስም አውጥቶለታል።

የዛሬም የድሮም ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። ሰፈራው የታቀደው «ጠፍ መሬት» በሚል ቃል ነው። ከነቀምቴ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ባለሥልጣን አንገርና ዴዴሳ ባዶ ይመስላሉ። ጎጆ አይታይም፤ እርሻው ትንሽ ነው። ነገር ግን የላዩ ኦሮሞ ገበሬ ቀፎውን የሚሰቅለው፣ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራው፣ ለቤቱ ሣርና እንጨት የሚያወርደው ከዚያ ነው። ጉሙዞች ደግሞ ኑሮአቸው እዚያው ነው፤ መሬቱን እያፈራረቁ ያርሳሉ፤ ያድናሉ፤ ማር ይቆርጣሉ። አንድ ማሳ ለጥቂት ዓመት ታርሶ ሲለቀቅ የተተወ ይመስላል እንጂ ባለቤት አለው። ደገኛው ለምን ወርዶ አልሰፈረም ለሚል መልሱ ሁለት ነው፤ ወባና ገንዲ። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ በሬን ያከሳል፤ ፀጉሩን ያቆማል፤ እያየኸው ሳምንት በሳምንት ይመነምናል። በሬ የማይኖርበት መሬት ለደጋ ገበሬ እርሻ አይሆንም። ስለዚህ ሸለቆው ባዶ የሆነው ሰው ስላላወቀው ሳይሆን በደንብ ስለሚያውቀው ነበር።

ወለጋ ከመንግሥት ጦር ጋር መጀመሪያ የተዋወቀችውም በሰፈራው ዘመን አይደለም። ከ1874ቱ የእምባቦ ጦርነት በኋላ የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ገበሩ። ሳይዋጉ ስለገበሩ ነቀምቴ እንደ ጅማ አባ ጅፋር ሁሉ ቁርጥ ግብር እየከፈለች በራሷ ባላባት እንድትተዳደር ተፈቀደላት፤ በሌላው ደቡብ እንደሆነው ነፍጠኛ በጅምላ ተተክሎ ገባር አልተከፋፈለባትም። ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ወርቁንና የዝሆን ጥርሱን ወደ አዲስ አበባ እየሰደዱ እስከ 1910ዎቹ ገዙ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ነቀምቴ ውስጥ ቆሟል፤ እዚያ ተጠብቀው የቆዩት የግብርና የትእዛዝ ደብዳቤዎች ተሰብስበው ታትመዋል። በ1890 ራስ መኰንን ቤኒሻንጉልን ለማስገበር ሲዘምቱ ጦሩ በዚሁ አገር አለፈ። የሚያልፍ ጦር ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነው። በወለጋ ሽማግሌዎች አነጋገር ወታደር የሚመጣው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሊበላ ወይ ሊወስድ። ቆይቶ እንዳየነው ሰፋሪውም ከዚህ አባባል ነፃ አልወጣም።

*

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል ነቀምቴ በእልልታ ወጣች። አባቴ ወጣት ነበር፤ ሰልፉ ውስጥ ነበረበት። መሬት ላራሹ የሚለው ጥያቄ ተመልሷል ብሎ ያመነው ከልቡ ነው፤ እኔም ያንን እምነቱን ልነቅፍበት አልችልም። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው መንግሥት ለአንድ ሸለቆ ሁለት አራሽ አመጣበት።

የ77ቱ ድርቅ ወሎንና ትግራይን ሲያጠፋ፣ ኅዳር ላይ፣ ደርግ 1.5 ሚሊዮን ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንደሚያሰፍር አስታወቀ። ከዓመት ብዙም ባልዘለለ ጊዜ ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጓጓዙ። ከሁሉም ክፍላተ ሀገር ብዙውን የተቀበለችው ወለጋ ናት፤ አሶሳ፣ ቄቶ፣ ጃርሶ፣ አንገር ጉትን። አብዛኞቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጡ። በፈቃዱ የመጣም ነበር፤ ርሃብ ባለበት ቦታ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ግን መጠየቅ ያሻል። እርዳታ ሊቀበል ከተሰለፈበት የተጫነ፣ ገበያ ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ሚስቱ በአንድ መኪና እሱ በሌላ የሄዱበት ብዙ ነው። የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በዚህ ሰፈራ ሳቢያ እስከ መቶ ሺህ ሰው ሞቷል ብለው ድምፃቸውን ሲያሰሙ በ1978 ከአገር ተባረሩ። ቁጥሩ አከራክሯል። የመጀመሪያው ዓመት የሸለቆው መቃብር ግን አያከራክርም፤ በየመንደሩ ዳር አለ።

ሁለት ዓይነት ሰፈራ ነበር። አንደኛው መደበኛ ይባል ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰው በቆላ ሜዳ ላይ፣ በትራክተር በሚታረስ የጋራ መሬት። ሁለተኛው ስግሰጋ ነው፤ ጥቂት ቤተሰቦችን በነባሩ ገበሬ ማኅበር መካከል ማስገባት። ስግሰጋ የሚለውን ቃል የመረጠው ሰው ነገሩን በትክክል ገልጦታል። ነባሩ ገበሬ ጎጆውን እንዲሠራላቸው፣ መሬት እንዲያካፍላቸው፣ እህል እንዲያዋጣላቸው፣ በበሬው እንዲያርስላቸው ታዘዘ። እንግዳ መቀበል ለወለጋ ሰው አዲስ አይደለም፤ በሞጋሳ የመጣውን ወገን ጎሣው ውስጥ ያስገባል፤ በጉዲፈቻ የሰው ልጅ የራሱ ያደርጋል። በእነዚህ ሥርዓቶች ግን አስተናጋጁ ፈቅዶ ነው። በ77 አስተናጋጁን የጠየቀው አልነበረም። ሰፋሪውን የጠየቀውም አልነበረም። አንዱ ላቡን አንዱ አገሩን በትእዛዝ ሰጡና ፊት ለፊት ተቀመጡ።

እንዲያም ሆኖ አብረው ኖሩ። በመንደሩ ያስጠጉኝ እናት፣ እማማ የምላቸው፣ ከአምባሰል የመጡ፣ በዚያን ጊዜ የሃያ ምናምን ዓመት ሴት የነበሩ፣ የመጀመሪያውን ክረምት ያለፉት በአንዲት ኦሮሞ ጎረቤታቸው ቅል እንደሆነ ነገሩኝ። ልጅ ወልደው ጡታቸው ሲደርቅ ጎረቤትየዋ ከራሷ ልጅ ጋር አጠባችላቸው። በወለጋ ሀርማ ሆዳ ይባላል፤ የጡት ልጅነት ማለት ነው፤ በወሎም አለ። ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ይህን ሥርዓት ግን ሁለቱም ያውቁታል። ልጁ ሁለት እናት ኖረው።

*

መንደሩ በአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይተዳደር ነበር። ጧት ደወል ይደወላል፤ ሰዉ በቡድን ወደ ማሳ ይወጣል፤ የሠራበት በነጥብ ይያዛል፤ ምርቱ ሲሰበሰብ በነጥቡ መጠን ይሰፈርለታል። ነጥብ መዝጋቢው ማንበብ የሚችል ወጣት ነው። እማማ ነጥባቸው የተጻፈበትን ደብተር እስከዚያን ቀን አስቀምጠውት ነበር፤ በቆርቆሮ ሣጥን፣ ከልጆቻቸው የክትባት ካርድ ጋር። ሽፋኑን ምስጥ በልቶታል። ውስጡ በእርሳስ የተሰመረ ነው፤ በየረድፉ ቁጥር፤ በአንዳንዱ ቀን ዜሮ። ዜሮዎቹ የታመሙባቸው ቀናት እንደሆኑ ነገሩኝ። ማንበብ ባይችሉም ዜሮዎቹን ያውቋቸዋል፤ በጣታቸው እየነኩ የትኛው ወባ፣ የትኛው አራስነት፣ የትኛው የባላቸው ቀብር እንደሆነ ለዩልኝ።

ምስጡ ደብተር ብቻ አልበላም። በቆላ ወለጋ ምስጥ የእንጨት ምሰሶ በሁለት ዓመት ይጥላል። የጎጆው ሣር፣ ጎተራው፣ የበቆሎው አገዳ ሳይቀር። ጤፍ ለለመደ የወሎ ሰው በቆሎና ማሽላ ተሰፈረለት። ከትራክተሩ ዋጋ፣ ከማዳበሪያው፣ ከመዋጮው በኋላ ለነጥብ የሚደርሰው እህል ለዓመት አይበቃም። ብዙዎች ወደ ነባሩ ገበሬ ወጥተው በቀን ሥራ ጉልበታቸውን ለእህል ይሸጡ ጀመር፤ ይህም በመመሪያ ክልክል ነበር። ወደ አገራቸው ለመመለስ የሞከሩ መንገድ ላይ እየተያዙ ታሰሩ። ከመንደር ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የመንደሩ ሚሊሺያ፣ ከራሱ ከሰፋሪው የተመለመለው፣ ጠመንጃ ተሰጥቶት ነበር። መጀመሪያ የጠበቀው የራሱ ጎረቤት እንዳይጠፋ ነው።

ያ ጠመንጃ ብዙ ነገር አበላሸ። ለመንግሥት ሰፋሪው ሁለት አገልግሎት ነበረው፤ እህል ያመርታል፤ አማፂ ሊንቀሳቀስበት የሚችለውን ቆላ ይይዛል። ኦነግ ሰፈራውን አጥብቆ ይቃወመው ነበር፤ መሬት መንጠቂያ ነው ይል ነበር። ለነባሩ ኦሮሞና ለጉሙዙ ደግሞ ጠመንጃ የያዘው ሰፋሪ የመንግሥት እጅ መስሎ ታየ። እማማ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባላቸው ወንድም ሚሊሺያ ነበር፤ ጠመንጃውም ጥይቱም ሲቆጠር ከእርሻ ይልቅ ያስጨንቀው ነበር፤ አንዲት ጥይት ብትጎድል ይታሰራል። መንግሥትን እሱም ይፈራው ነበር አሉ፤ ከማንም በላይ።

*

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በሸለቆው ያለው ሰው ከመንግሥት ጋር የተቆራረጠው በነጥብ ወይም በትራክተር አይደለም። በአፈሳ ነው።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ዜጋ ሠልጥኖ እንዲያገለግል ያዛል፤ ጊዜውም ሠላሳ ወር ነው ተባለ። በወረቀት ላይ ምዝገባ፣ ምርመራ፣ ጥሪ አለው። በተግባር ኮታ ነው። ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ገበሬ ማኅበር ቁጥር ይወርዳል፤ ሊቀመንበሩ ያንን ቁጥር ያሟላል። መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ትልቁ ጦር ከተሰበረ በኋላ ቁጥሩ ጨመረ፤ በ1981 ትግራይ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ደግሞ ዕድሜ ማየት ቀረ። ነቀምቴ ውስጥ የእኔ ታላቅ ወንድም ቅዳሜ ገበያ አይወጣም ነበር። እናታችን ፀጉሩን ተላጭቶ ቁምጣ እንዲለብስ ታደርገው ነበር፤ ልጅ እንዲመስል። የአፈሳ መኪና መጣ ሲባል መንገዱ በአንዴ የሴትና የሽማግሌ ብቻ ይሆናል።

በሸለቆው መደበቂያ ከተማ የለም። መንደሩ በገመድ የተሰለፈ ነው፤ አንድ ወታደር ከመንገዱ ላይ ቆሞ በሩን ሁሉ ያያል። አባቴ የተከራከረበት በር ለዚህ ጠቀመ፤ ታስቦበት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነው። ወጣቶቹ ማታ ማታ ከረጅሙ ሣር ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር ያድሩ ጀመር። ሣር ውስጥ ያደረ በወባ ትንኝ ይነደፋል፤ ወባ የያዘው በማግሥቱ ማሳ አይወጣም፤ ማሳ ያልወጣ ነጥቡ ዜሮ ይሆናል። በነጥብ ደብተር ዜሮ የበዛበትን ልጅ ደግሞ ለኮታ ለመጻፍ ይቀላል፤ «ሰነፍ ነው» ይባላል። ክቡ እንዲህ ይዘጋል።

የኮታ አመራረጥ በየትም አገር ከደካማው ይጀምራል። ነባሩ ገበሬ አጎት አለው፣ አማች አለው፣ የሚማልድለት ሽማግሌ አለው። ሰፋሪው ዘመዱ አምባሰል ነው። ወይም ሞቷል። እማማ የባላቸውን ሁለት ወንድሞች ሰጡ፤ «ሰጠሁ» ነው ያሉት፤ «ተወሰዱብኝ» አላሉም። አንደኛው ሚሊሺያ የነበረው ነው፤ ጠመንጃ መያዝ ይችላል ተብሎ መጀመሪያ የተወሰደው እሱ ሆነ። አልተመለሱም። የተወሰዱ ዕለት መኪናው የቆመው ያው ሲመጡ ያወረዳቸው ቦታ ላይ ነበር፤ ከማንጎው ሥር ሳይሆን፣ ያን ጊዜ ማንጎው ገና ችግኝ ነበር፤ ከወፍጮው አጠገብ።

በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ አንድ የሚመሳሰል ነገር ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ በ1763 እ.ኤ.አ. ከአፓላቺያን ተራሮች ወዲያ ማንም እንዳይሰፍር አወጁ፤ ድንበሩን የሚጠብቅ ጦር አቆሙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የጦሩን ወጪ ከቅኝ ግዛቱ ሰፋሪዎች በቴምብር ቀረጥ ሊሰበስቡ ሞከሩ። ሰፋሪው በሚያግደው ጦር ላይ ቂም ያዘ፤ ዋጋውን ክፈል ሲባል ተነሣ። በአንገር ነገሩ ተገለበጠ። እዚህ መንግሥት ራሱ ሰፋሪውን ጭኖ አምጥቶ ቆላው ላይ ተከለው፤ ጠመንጃ ሰጠው፤ ዋጋውንም በቴምብር ሳይሆን በወንድ ልጅ ተቀበለው። የቦስተኑ ሰው ሻይ ባሕር ውስጥ መጣል ይችል ነበር። የአንገሩ ሰው ያለው አንድ ነገር ነው፤ እግሩ።

*

በ1982 በጋ ላይ ሻዕቢያና ኦነግ ከሱዳን በኩል ገብተው አሶሳን ያዙ። በአሶሳ ዙሪያ የነበሩት የሰፈራ መንደሮች ከጦርነቱ መሀል ገቡ። የሞተው ሞተ፤ የተረፈው ወደ ሱዳንም ወደ ደጋም ተበተነ። ወሬው አንገር ሲደርስ ሰዉ የገባው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹን የወሰደው ጦር እሱን ሊጠብቅ አልቻለም።

ከዚያ የካቲት መጣ። ምፅዋ ከወደቀች በኋላ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ገበሬው ከአምራች ማኅበሩ ለመውጣት ከፈለገ መውጣት ይችላል ተባለ። በአገሪቱ ሁሉ አምራቾቹ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። በሰፈራ መንደሮችም በሬው ተከፋፈለ፤ መሬቱ በገመድ ተለካ፤ የቢሮው ቆርቆሮ እንኳ ተነቅሎ ተካፍለውታል። ደወሉን ማን እንደወሰደው አልታወቀም። በአምስት ዓመት ስብሰባ ሁሉ እጁን እያወጣ ማኅበሩን የደገፈ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ያፈረሰው፣ እጁን ሲያወጣ ከኋላው የቆመውን ስለሚያውቅ ነው። የደርግን ውድቀት ከጦር ሜዳ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ከዚህ እጀምራለሁ። ጦሩ ነቀምቴን ከመልቀቁ ዓመት በፊት መንደሩ መንግሥትን ለቆት ነበር።

ብዙዎች በዚያው ዓመትና በተከታዩ ወደ ወሎ ተመለሱ። ወረቀት የጠየቃቸው አልነበረም። ቡሬ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በተገኘው መኪና። እዚያ ሲደርሱ መሬታቸው ለሌላ ተሰጥቷል። የተወሰኑት ዞረው ወደ አንገር መጡ። በሁለቱም አገር «መጤ» የተባለ ሰው በዚያ መንደር አግኝቻለሁ።

የካቲት 1983 ደብረ ማርቆስ ተያዘች፤ መጋቢት ላይ ኢሕአዴግ ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ገባ። ዘመቻውን በኦሮምኛ ቢሊሱማ ወልቂቱማ አለው፤ ነፃነትና እኩልነት። ነቀምቴ ውስጥ ከቤታችን አጥር ሥር የሸሹ ወታደሮች አለፉ። ከእነሱ አንዱ፣ ከታላቅ ወንድሜ የማይበልጥ፣ እናቴን ሲቪል ልብስ ለመናት። የወንድሜን ቁምጣ ሰጠችው፤ ያንን ልጅ ለማስመሰል ታለብሰው የነበረውን። ጫማውን አውልቆ ለአባቴ ሊሰጠው ፈለገ፤ አባቴ አልተቀበለም። ከወዴት እንደሆነ ሲጠይቀው ወሎ አለው። ከሰፋሪዎቹ ይሁን ከዚያው ከወሎ የታፈሰ አልጠየቅንም፤ መሽቶ ነበር፤ ልጁም ይቸኩል ነበር። ግንቦት 13 መንግሥቱ አገር ጥለው ወጡ።

*

መንግሥት ቢለወጥም ሸለቆው አላረፈም። በ1993 በጊዳ ኪራሙ ነባርና ሰፋሪ ተጋጭተው በሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ቡሬ ተሰደዱ። ጥቅምት 22 ቀን 2013 በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ፣ ጋዋ ቃንቃ፣ አካባቢውን ሲጠብቅ የነበረው የመከላከያ ጦር ከወጣ ከሰዓታት በኋላ የአማራ ነዋሪዎች በትምህርት ቤት ግቢ ተሰብስበው ተገደሉ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ በሆሮ ጉዱሩ አሙሩ፣ አጋምሳ፣ የኦሮሞ ነዋሪዎች በታጠቁ ሰዎች ተገደሉ። ለእኔ እነዚህ ስሞች በሁለት ዓምድ የሚጻፉ አይደሉም። በጋዋ ቃንቃ ወታደሩ በመውጣቱ ሰው ሞተ፤ በአንገር ወታደሩ በመምጣቱ ልጅ ጠፋ። መንግሥት ለአርባ ዓመት እነዚህን መንደሮች ሲፈልግ መከታ አደረጋቸው፤ ሳይፈልግ አላያቸውም። ሀርማ ሆዳ ያጠባችው ሴት ግን አንድም ቀን ከመንግሥት ትእዛዝ አልጠበቀችም፤ ልጁ አለቀሰ፣ አነሣችው።

እማማን የጎበኘኋቸው የ2013ቱና የ2014ቱ እልቂት ከመምጣቱ በፊት ነው። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ በረካ ሲቀዳ ስለ አባቴ ነገርኳቸው፤ ስለ ጎጆውና ስለ በሩ። ዝም ብለው ሰሙኝና ተነሥተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የአባቴ ዘመን ጎጆ የለም፤ ምስጥ በልቶታል፤ በቦታው የጭቃ ቤት በቆርቆሮ ክዳን ቆሟል። መሠረቱ ግን ያው ነው አሉኝ። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ድፍን ነበር፤ ጭቃው በመሀሉ ቀለሙ ይለያል፤ የሰው ቁመት ያህል፣ የክንድ ስፋት። በሩ በጓሮ ነው፤ ወደ ማንጎውና ወደ ጎረቤትየዋ ቤት። መቼ እንዳዞሩት ጠየቅኳቸው።

«የካቲት ላይ፣ ማኅበሩ የፈረሰ ሰሞን ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። በሬ ከመከፋፈላቸው በፊት ነው። መንደሩ በሙሉ፣ አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ ግድግዳ ሲያፈርስና ጭቃ ሲያቦካ ነበር።